ያልተሰላው ዘመን

አባቶቻችን ዓባይ ከባሕር ዳር በታች ከገደል ሲወረወር የሚያስነሣውን ጉም አይተው ቦታውን ‹‹ጢስ ዓባይ›› አሉት። ከዚህ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በሰሜን ምሥራቅ ካናዳ በላብራዶር ምድር የሚኖሩት ኢኑ የተባሉ ሕዝቦችም በአገራቸው ታላቅ ወንዝ ላይ ያለውን ፏፏቴ የሰየሙት ‹‹እንፋሎት የሚነሣበት›› በሚል ትርጉም ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አይተው አንድ ዓይነት ስም አወጡ።

የላብራዶሩ ፏፏቴ ግን ዛሬ ጢስ የለውም። 75 ሜትር ቁመት ያለው ገደል አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ጅረት ብቻ ይወርድበታል። ወንዙ ከ50 ዓመት በላይ በሌላ መንገድ፣ በዋሻ ውስጥ ይሄዳልና። የእኛም ጢስ ዓባይ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ረጅም ወራት ጢሱ እየሳሳ መታየቱን አንባብያን ያስታውሳሉ። ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ሕዝብ አንዳንድ ጊዜ ውበቱን እንደሚከፍል እናውቃለን፤ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረውም ስለዚያ አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሕዝቡ ያን ያህል ከከፈለ በኋላ ምን አገኘ? ለስንት ዓመትስ?

ለዚህ ጥያቄ በላብራዶር የሚገኘውን የቸርችል ፏፏቴ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ የሚያህል አስተማሪ ምሳሌ ጥቂት ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም እዚያ ያሉት መሐንዲሶች ውኃውን፣ ዓለቱንና ብረቱን እጅግ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ አስልተው አንድ ነገር ብቻ ሳያሰሉ ቀርተዋል። እርሱም ዘመን ነው።

ከምድር በታች ያለው አዳራሽ

በመጀመሪያ ለሥራው የሚገባውን አድናቆት እንስጥ። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የመጀመሪያዎቹ ተርባይኖች በታኅሣሥ 1971 ኤሌክትሪክ መስጠት ጀመሩ፤ ሁሉም ተተክለው ያለቁት ደግሞ በ1974 ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ እንደ ግንብ የቆመ ትልቅ ግድብ እዚያ የለም። በምትኩ በሰፊው አምባ ላይ ውኃው ሊያመልጥ በሚችልባቸው ዝቅተኛ ቦታዎች ሁሉ 88 የአፈርና የድንጋይ ግድቦች ተሠርተዋል። አንድ ላይ ቢቀጠሉ ርዝመታቸው 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ዘዴ የተፈጠረው የስሞልዉድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከ6,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ይህም ከጣና ሐይቅ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ስፋት ማለት ነው።

የማመንጫው አዳራሽ ደግሞ 300 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ጠንካራ ዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 300 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱም እስከ 47 ሜትር ይደርሳል። በውስጡ 11 ተርባይኖች ተደርድረዋል። የላሊበላን ሕንፃዎች ከዓለት የፈለፈሉ ሰዎች ልጆች ስለሆንን የእንዲህ ዓይነት ሥራ ድካሙ ይገባናል።

የጣቢያው የማመንጨት አቅም 5,428 ሜጋ ዋት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አቅም ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሊገናኙ ጥቂት ቀርቷቸዋል። በሁለቱም ወንዞች የሚያልፈው የውኃ መጠን በዓመት አማካይ ሲታይ ብዙ አይራራቅም፤ በላብራዶር በሴኮንድ 1,400 ሜትር ኩብ ገደማ፣ በጉባ በኩል በሚያልፈው ዓባይ 1,550 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ታዲያ ሁለቱ ጣቢያዎች በዓመት የሚሰጡት ኤሌክትሪክም እኩል ይሆናል ማለት ነው? አይደለም። የቸርችል ፏፏቴ ጣቢያ በዓመት ወደ 34 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ያመነጫል። የሕዳሴው ግድብ እንዲያመነጭ የታቀደው ግን ከ15 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ወጣት አንባቢዎቻችን ከፊዚክስ ትምህርታቸው መልሱን ያገኙታል። ከውኃ የሚገኘው ጉልበት የሚወሰነው በውኃው መጠን ብቻ ሳይሆን በሚወድቅበት ከፍታም ጭምር ነው። በላብራዶር ውኃው የሚወድቀው 312 ሜትር ሲሆን በሕዳሴው ግድብ ትልቁ የውድቀት ከፍታ 130 ሜትር ገደማ ነው። አቅማቸው የተቀራረበው በጉባ ውኃው በበዛ ጊዜና ፍላጎት በጨመረ ሰዓት ብዙ ለማመንጨት የሚያስችሉ ተርባይኖች ስለተተከሉ ነው። ስለዚህ የላብራዶሩ ጣቢያ በዓመት አማካይ ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛውን አልፎ ሲሠራ የእኛው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይሠራል። ይህ ነውር አይደለም፤ የወንዙና የቦታው ጠባይ ነው። ሆኖም ትልቅ ትምህርት አለበት። ‹‹ሜጋ ዋት›› በሚለው ቃል ውስጥ ሰዓት የለም። ‹‹ኪሎ ዋት ሰዓት›› በሚለው ውስጥ ግን አለ። የሚሸጠውና የሚገዛው፣ እንጀራ የሚጋግረውና ፋብሪካ የሚያንቀሳቅሰው ሰዓት ያለበት ቁጥር ነው። ሜጋ ዋት ቆጥሮ የሚረካ ሰው ዘመንን ረስቷል።

አንድ ሽቦ፣ አንድ ገዢ

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። ላብራዶር ከኒውፋውንድላንድ ደሴት ጋር አንድ የካናዳ ግዛት ነው። በመልክዓ ምድር አቀማመጥ ግን ከትልልቆቹ ከተሞች የሚያገናኘው የየብስ መንገድ የሚያልፈው በጎረቤቱ በኩቤክ ግዛት ነው። ጣቢያውን ያሠራው ብሪንኮ የተባለው የግል ኩባንያ ኤሌክትሪኩን ወደ ሌላ ገበያ ለመውሰድ ቢመኝም ሽቦው በኩቤክ ምድር ማለፍ ነበረበት። በዚህ ምክንያት ገዢው አንድ ብቻ ሆነ፤ የኩቤክ መንግሥት ንብረት የሆነው ሃይድሮ ኩቤክ።

ውሉ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ነው። ልብ ይበሉ፤ ግንባታው ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ኩባንያው ብዙ ገንዘብ አፍስሷል፣ ዓለቱ ተፈልፍሏል፣ ሠራተኛው በቦታው ነው፣ ተጨማሪ ብድር ለማግኘት ደግሞ የተፈረመ ውል ያስፈልጋል። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ የሚደራደር ሰው ጎተራው ባዶ ሆኖ እህል ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ገበሬ ነው፤ ዋጋ የሚቆርጠው ሌላው ነው።

በውሉ መሠረት ሃይድሮ ኩቤክ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ለመጀመሪያዎቹ 40 ዓመታት ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የአንድ የካናዳ ሳንቲም ሩብ ያህል ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ውሉ ያለ ተጨማሪ ድርድር ለ25 ዓመት ይታደሳል። በተታደሰው ዘመን ዋጋው ይጨምራል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዋጋው ቀነሰ፤ ከ2016 እስከ 2041 የአንድ ሳንቲም አንድ አምስተኛ ሆነ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በውኃ እንለካው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 312 ሜትር ወርዶ በጥሩ ተርባይን ሲያልፍ ሦስት አራተኛ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣል። አንድ ሚሊዮን ሊትር፣ ማለትም አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ውኃ፣ ከ750 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያስገኛል። በውሉ ዋጋ የዚህ ሁሉ ውኃ ሽያጭ አንድ ዶላር ተኩል ያህል ነው። በዚህ ገንዘብ በካናዳ ከተሞች አንድ ስኒ ቡና እንኳ መግዛት ያስቸግራል።

ለፈራሚዎቹ ፍትሐዊ ልንሆን ይገባል። በዚያ ዘመን አቶሚክ ኃይል ኤሌክትሪክን ሁሉ እንደሚያረክስ ብዙዎች ያምኑ ነበር። ነዳጅም ርካሽ ነበር። ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ የሚጠይቀውን ሥራ ያለ አስተማማኝ ገዢ የሚያበድር ባንክ አልነበረም፤ ሃይድሮ ኩቤክም ኤሌክትሪኩን ለመውሰድ ቃል በመግባቱ ከባድ ኃላፊነት ተሸክሟል። የ1969 ዋጋ ለ1969 መጥፎ ዋጋ አልነበረም። ስሕተቱ ያ ዋጋ እስከ 2041 እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ መታሰሩ ነው። ከውሉ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሁሉ ሲያሻቅብ የኤሌክትሪክ ዋጋም አብሮ ተነሣ። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ባለበት ቆመ።

የኒውፋውንድላንድ መንግሥት በ1974 የብሪንኮን ድርሻ ገዝቶ የጣቢያው ዋና ባለቤት ሆነ። ውሉ ግን ከባለቤትነቱ ጋር አብሮ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በፍርድ ቤት ክርክር ተደረገ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሰጠው ውሳኔ፣ ሁኔታው ቢለወጥም ሃይድሮ ኩቤክ ውሉን እንደገና ለመደራደር አይገደድም የሚል ነበር። የተፈረመ ተፈርሟል። በታኅሣሥ 2024 ሁለቱ ግዛቶች አማካይ ዋጋውን ወደ 6 ሳንቲም ገደማ የሚያደርስ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። ሰነዱ በራሱ የመጨረሻ ውል ባይሆንም አንድ ነገር ይመሰክራል፤ የአሮጌው ዋጋ ከአዲሱ ሲነጻጸር አንድ ሠላሳኛ ያህል ብቻ ነበር።

ሌላም አለ። በላብራዶር የባሕር ዳርቻ የሚገኙ በርካታ መንደሮች ከዋናው መስመር ጋር ስላልተገናኙ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በናፍጣ ከሚሠራ ጄኔሬተር ነው። ‹‹የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው›› የሚለው ተረታችን እስከዚያ ድረስ ይሄዳል።

ውኃው የሸፈነው፣ ኩባንያው የሠራው

የስሞልዉድ ሐይቅ ባዶ መሬት አልሸፈነም። ሚቺካማው የተባለው ሐይቅና በዙሪያው ያለው ምድር የኢኑ ሕዝቦች ለብዙ ትውልድ ሲያድኑበት፣ ሲያጠምዱበትና ሙታናቸውን ሲቀብሩበት የኖሩበት ነው። ሲጥለቀለቅ ማንም አላማከራቸውም። መሬቱ በውኃ ሲሸፈን በአፈሩ ውስጥ የነበረው ሜርኩሪ በባክቴሪያዎች አማካይነት በዓሣ ሰውነት ወደሚጠራቀም መርዛማ ውሕድ ስለሚለወጥ የሐይቁ ዓሣ ሳይቀር ለጤና አሳሳቢ ሆነ። የግዛቱ መንግሥት ለዚህ ጉዳት በየዓመቱ ካሣ ለመክፈል ከኢኑ ሕዝቦች ጋር ስምምነት የፈረመው በ2011 ነው። ውኃው ከተጠራቀመ 40 ዓመት አልፎ ነበር። መሐንዲሱ የውኃውን ወሰን በሜትር አስልቶ ነበር፤ ከውኃው በታች ያለውን የሰው ዘመን ግን በስሌቱ አላስገባም።

በሌላ በኩል ደግሞ ኩባንያው የሠራት ከተማ አለች። ስሟም እንደ ጣቢያው ቸርችል ፏፏቴ ነው። ወደ 700 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባታል። ቤቶቹ የኩባንያው ናቸው። መንገዱን የሚጠርገው፣ ውኃውን የሚያቀርበው፣ እሳት አደጋ የሚከላከለው ኩባንያው ነው። ክረምቱ እጅግ ብርድ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ፣ መደብሩ፣ ሆቴሉና መዝናኛው በአንድ ማዕከል ተሰብስበዋል። የሚያስቀና ነገር አላት። ሥራ ያጣ ሰው የለም፤ ልጆች ያለ ስጋት ይማራሉ።

የጎደላትን ለማየት ግን አንድ ሰው ጡረታ እስኪወጣ መጠበቅ ይበቃል። ቤቱ ከሥራው ጋር የተሰጠ ነውና ከሥራው ጋር ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት ተርባይን የጠበቀ ሠራተኛ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ኩባንያው ካልቀጠረው የሚመለስበት ቤት የለውም። ነዋሪው የራሱን ከንቲባ አይመርጥም። በሰኔ 2024 የደን ቃጠሎ ከተማዋን ሲያስፈራራት ነዋሪዎቿ በሙሉ ወጥተው ሰላም ከሆነ በኋላ ተመልሰዋል። እሳቱ ድንገተኛ ነበር፤ ለቅቆ መሄድ ግን ለዚህች ከተማ ነዋሪ ሁሉ ከመጀመሪያው የተጻፈለት ዕጣ ነው።

ውሉና ከተማዋ አንድ ዓይነት ጉድለት እንዳለባቸው የምንናገረው በዚህ ምክንያት ነው። ውሉ ዋጋው የማይለወጥ ዓለም አሰበ። ከተማዋ ደግሞ የማያረጅ ሰው አሰበች። ሁለቱም ለዛሬ የተሠሩ ነበሩ፤ ሁለቱም ነገን ረሱ።

ስለ እኛስ?

ይህን ሁሉ ያነሣነው የሩቅ አገር ሰዎችን ለመገሠጽ አይደለም። የእኛ ታሪክ በአንድ ዋና ነገር ይለያል። የሕዳሴው ግድብ ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው በአገር ውስጥ ገንዘብ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከምርቱ፣ ተማሪው ከኪስ ገንዘቡ፣ በውጭ ያለውም ወገናችን ቦንድ በመግዛት አዋጥቷል። ስለዚህ ግንባታው ተጋምሶ ሳለ ዋጋ የሚቆርጥብን አንድ ገዢ አልነበረም። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። ነጻነቱ ግን የሚጠበቀው ከምርቃቱ በኋላ በሚፈረሙ ወረቀቶች ጭምር ነው። ኢትዮጵያ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ መሸጥ ጀምራለች፤ ከኬንያ ጋር የተደረገው ውል ለ25 ዓመት የሚቆይ ነው። ሌሎችም ይከተላሉ።

በእኛ አስተያየት የኃይል ሽያጭ ውል በሚዘጋጅበት ጊዜ ሁሉ ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ዋጋው ከዘመኑ ጋር የሚራመድበትና በየጊዜው የሚመረመርበት አንቀጽ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ሽቦው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይዘርጋ፤ አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሻጭ ሻጭ አይባልም። ሦስተኛ፣ ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ገና ኤሌክትሪክ አላገኘምና በግድቡ ዙሪያ ያሉና ከቦታቸው የተነሡ ነዋሪዎች ከሩቅ ገዢ ይልቅ በቅድሚያ ብርሃን ይዩ።

‹‹ይህ የፖለቲከኞችና የሕግ ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ የሳይንስ ተማሪን ምን አገባው?›› የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከላይ ያደረግነውን ስሌት ይመልከት። የአንድ ሚሊዮን ሊትር ውኃ ዋጋ አንድ ዶላር ተኩል መሆኑን ለማወቅ ያስፈለገን የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብቻ ነው። የሕግ ባለሙያው አንቀጹን ያነባል፤ በአንቀጹ ውስጥ ስንት ውኃ እንዳለ የሚነግረው ግን መሐንዲሱ ነው። መሐንዲሱ ዝም ካለ ሁለቱም ሳያውቁ ይፈርማሉ። በመሆኑም የምሕንድስና ተማሪዎች ከተርባይን ጋር ውል ማንበብንም ቢማሩ ለአገር ይጠቅማል እንላለን።

በመጨረሻ ስለ ከተማው እናንሣ። በወንጂና በመተሐራ የስኳር ፋብሪካ ካምፖች ያደጉ አንባብያን ድርጅቱ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሚሰጥበትን ኑሮ ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ ደስታውንም፣ ጡረታ ሲቃረብ የሚመጣውን ጭንቀትም። በጉባ በረሃ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ለ14 ዓመታት በካምፕ ኖረው ግድቡን ሠርተዋል። አሁን ግንበኛው ሲሄድ ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሰውና የሚጠብቀው ሰው ይቀራል። ቦታው ካምፕ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ከተማ ይሁን? ከተማ የምንለው አስተማሪው ቤት ሠርቶ የሚያወርስበት፣ ነጋዴው ሱቅ የሚከፍትበት፣ የአካባቢው ተወላጅ በራሱ ምድር እንግዳ የማይሆንበት፣ ጡረተኛው በበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሐይቁን የሚያይበት ነው። ይህን ለመወሰን ጊዜው አሁን ነው፤ በላብራዶር የታየው እንደሚያስረዳን በመጀመሪያው ዓመት ያልታሰበ ነገር በሃምሳኛው ዓመት ለማረም እጅግ ይከብዳል።

ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ወጣቶች አንዳንዶቹ በ2033 ዓ.ም. ገደማ፣ የቸርችል ፏፏቴ አሮጌ ውል ቀኑ በሚሞላበት ጊዜ፣ በሙያቸው የበሰሉ መሐንዲሶች ይሆናሉ። በጠረጴዛቸው ላይ የሚቀመጥ ውል አይጠፋም። ያን ጊዜ በመጀመሪያ ሜጋ ዋቱን ሳይሆን ዓመታቱን እንዲቆጥሩ አደራ እንላለን።